ጋሽ ዘንበል፦ ኢንተግራልን በጎን የሚያዩት አማቴ

ጡረታ የወጣ የሒሳብ መምህር የሚባል ፍጡር በዓለም ላይ የለም። ጡረታ የሚወጣው ጠመኔው ብቻ ነው። ሰውዬውማ እንደ ድሮው ማልዶ ይነሳል፣ ፊቱን ይታጠባል፣ ኮቱን ይለብስና የሚያስተምረው ሰው ፍለጋ ይወጣል። ተማሪ ሲያጣ ጎረቤት ያስተምራል። ጎረቤት ሲሸሸው አማቹን ያስተምራል። አማች ደግሞ ወዴት ይሸሻል? አንድ ጣሪያ ሥር ነው የሚኖረው። እኔን ነው የምላችሁ።

ክቡር አማቴን፣ የባለቤቴን አባት፣ የሰፈሩ ሰው "ጋሽ ዘንበል" ይላቸዋል። ስሙ የወጣላቸው በአንገታቸው ነው። የሒሳብ ጥያቄ ፊታቸው ሲቀርብ፣ በተለይ ከጎባጣ መስመር በታች ያለ ስፋት የሚለካበት ኢንተግራል ከሆነ፣ ይልቁንም ኢንቨርስ ሳይን ወይም ኢንቨርስ ታንጀንት ያለበት ኢንተግራል ከሆነ፣ እንደ ማንኛውም ጤነኛ ሰው እስክሪብቶ አያነሱም። አንገታቸውን ወደ ቀኝ ዘንበል ያደርጋሉ። ጆሯቸው ትከሻቸውን ሊነካ ምንም አይቀረው። እንደዚያ ሆነው ዝም ብለው ያያሉ። ከዚያ ቀና ይሉና መልሱን ይናገራሉ። በቃ! እኛ ገና ጥያቄውን እየገለበጥን ነው።

"አትንኳት" ነው ሁልጊዜ የሚሉት። ኢንተግራል ለሳቸው ሴት ናት፤ ለምን እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም፣ አልጠይቅምም። "አትንኳት! መጀመሪያ እዩዋት። ዘንበል ብላችሁ እዩዋት።"

እኔ ይህን አንገት ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ልጃቸውን ላገባ ፈልጌ ቤታቸው የሄድኩ ዕለት ነው። ሌላ አባት ቢሆን "የት ትሠራለህ? የማን ልጅ ነህ?" ይላል። እሳቸው ወረቀትና እስክሪብቶ አቀረቡልኝ። "የኢንቨርስ ሳይን ኤክስን ኢንተግራል፣ ከዜሮ እስከ አንድ፣ አስላልኝ" አሉ ወንበራቸው ላይ ደገፍ ብለው። እኔ የጋዜጣ ሰው ነኝ። ሆኖም ፍቅር የማያስደርገው ነገር የለምና ከትምህርት ቤት የተረፈኝን ሁሉ አራገፍኩት። በክፍል በክፍል እያደረጉ የሚሠሩባት "ባይ ፓርትስ" የምትባል ዘዴ ትዝ አለችኝ፤ በሷ ገባሁ። መግባቱን ገባሁ፣ መውጫው ጠፋኝ። ላቤ ወረቀቱ ላይ ጠብ እያለ ሁለት ገጽ ሞላሁና ከዜሮ በታች የሆነ ቁጥር ይዤ ቀረብኩ።

አዩት። እኔንም አዩኝ። "ልጄ" አሉኝ፣ አዝነውልኝ ነው፣ "ስፋቱ ከዜሮ በታች የሆነ መሬት አይተህ ታውቃለህ?"

"ኧረ አላውቅም፣ ጋሼ።"

"ታዲያ ይኼን ለማን ልታወርሰው ነው?"

ከጓዳ የዛሬዋ ባለቤቴ ሳቋን ስትለቀው ሰማሁ። አማቴ አንዲት ሳጥን ሣሉ፣ በውስጧ አንድ ጎባጣ መስመር ሰደዱ፣ አንገታቸውን ዘንበል አደረጉና "የፓይ ግማሽ፣ ሲቀነስ አንድ" ብለው እስክሪብቶውን ከደኑት። ቀጥለውም ፍርዳቸውን ሰጡ። "ልጄን ከወደደችህ ውሰዳት፣ በሷ ጉዳይ አልገባም። ልጅ ስትወልዱ ግን ሒሳብ የማስተምረው እኔ ነኝ። በዚህ ከተስማማህ መልካም ጋብቻ።" ተስማማሁ። ምን ምርጫ ነበረኝ?

የባለቤቴ እናት ካረፉ በኋላ አማቴ እኛ ቤት ገቡ። ይዘውት የመጡት ንብረት አንድ ሻንጣና አንድ ጥቁር ሰሌዳ ነው። ሻንጣው አልጋ ሥር ገባ። ሰሌዳው የሳሎናችንን ትልቅ መስታወት አስነስቶ በቦታው ተሰቀለ፤ እኔም ከዚያ ወዲህ ከረባቴን የማስረው የሽንት ቤቱ ቁራጭ መስታወት ፊት ነው።

የእኚህ ሰው አንገት ያላስቸገረው ባለሙያ የለም። ፀጉር አስተካካዩን ጠይቁት። አማቴን ሲያይ መቀሱን አስቀምጦ ይተነፍሳል። "ጋሼ፣ በልጆችዎ ቀና ይበሉልኝ" እያለ እየለመነ ይጀምራል፤ እሳቸውም "እሺ እሺ" ይላሉ፤ ትንሽ ቆይተው አንዷ ኢንተግራል በሐሳባቸው ብቅ ትልና አንገታቸው ሳያስፈቅድ ይጋደማል። ባለሙያውም ተከትሎ ይቆርጣል። ስንት ጊዜ በግራ በኩል መላጣ፣ በቀኝ በኩል ጎፈሬ ሆነው መጥተዋል! ባለቤቴ ስትጮህ "ተያት፣ ቆንጆ መልስ አግኝቼባታለሁ" ይላሉ።

ሐኪም ዘንድም ወስደናቸው ነበር። አንገታቸውን ደባብሶ ደባብሶ "አባቴ፣ ሥራዎ ምን ነበር? ሸክም ነው?" አላቸው። "ኢንተግራል ነው" አሉት። ሐኪሙ እኔን አየኝ፤ እኔ ጣሪያውን አየሁ። አንገታቸው እንዳይዘም በወፍራም ማሰሪያ ጠፍሮ ላካቸው። እሰይ ተገላገልን ስንል አንገቱ እንቢ ሲላቸው ከወገባቸው ጀምሮ መጋደም አመጡ። ምሳ ላይ ሰውዬው ከነወንበራቸው ሊወድቁ ሲሉ ባለቤቴ በአንድ በኩል፣ እኔ በሌላ በኩል ደግፈን እንበላ ጀመር። ማሰሪያውን እኛው ራሳችን ፈታንላቸው።

እስከዚህ ድረስ ስቀልድባቸው ነው የኖርኩት። ዘንበል ማለታቸው የዕድሜ አመል ይመስለኝ ነበር። ነገሩ የገባኝ አንድ ዝናባማ ከሰዓት በኋላ ነው።

ልጃችን የመጨረሻ ክፍል ተማሪ ናት። የምትፈልገው ድልድይ መሥራት ነው፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ድልድይ ካየች ከሥሩ ገብታ ሽቅብ ካላየች አታልፍም። ድልድይ ለመሥራት ደግሞ የመልቀቂያ ፈተናውን ማለፍ፣ ያውም ሒሳቡን በደንብ ማለፍ ግድ ነው። ያን ዕለት ሳሎን ተቀምጣ ያችኑ የእኔን አሮጌ ጠላት፣ ኢንቨርስ ሳይንን ከዜሮ እስከ አንድ፣ ትታገላለች። አያቷ ከጎኗ፣ እኔ ጋዜጣ ይዤ ጥግ ተቀምጠናል። ልጅቷ እንባዋ መጣ።

"አባባ፣ ቀመሩ ጠፋብኝ።"

"ቀመሩ የት ይሄድብሻል? ተይው፣ ይተኛ። እስቲ ሳጥን ሥሪልኝ" አሏት። "ወርዷ አንድ፣ ቁመቷ የፓይ ግማሽ።"

ሠራች።

"ኢንቨርስ ሳይን ከታች ከዚህ ጥግ ተነሥታ ሽቅብ እዚያኛው ጥግ ትደርሳለች። ሳጥኗን ለሁለት ከፈለቻት፣ አይደል? የተጠየቅነው ከመስመሯ በታች ያለውን ስፋት ነው። እሱ ደግሞ ያስቸግራል።"

"በጣም እንጂ!"

"እንግዲያው እሱን ተይው። ከመስመሯ በላይ የተረፈውን እይ። እንዲህ ቀጥ ብለሽ አይደለም፤ ዘንበል በይ።"

ልጄ አንገቷን ወደ ቀኝ ጣል አደረገች። ሁለቱም ተጋደሙ፣ አያትና የልጅ ልጅ፣ ጎን ለጎን።

"አሁን ማንን አየሽ?"

"ሳይንን!" ብላ ጮኸች። "አባባ፣ ሳይን ናት እኮ!"

"ሳይን ናታ! ያቺው የምታውቂያት ሳይን፤ ጋደም ብላ ነው እንጂ ሌላ ሰው አይደለችም። የሷ ስፋት ስንት ነው?"

"አንድ።"

"የሳጥኗስ?"

"የፓይ ግማሽ።"

"ቀንሺያ! ምን ትጠብቂያለሽ?"

እኔ ጋዜጣዬን አስቀመጥኩ። ማንም ሳያየኝ አንገቴን ዘንበል አደረግሁ። እውነታቸውን ነው! ሁለት ገጽ ሙሉ ያላበኝ፣ ከዜሮ በታች ያወረደኝ ያ ጉድ እዚያው ነበር፤ ቀለል ብሎ፣ ጋደም ብሎ፣ አንድ ሰው በጎን እስኪያየው እየጠበቀ። እኚህ ሰው ዕድሜያቸውን ሙሉ ይኼንን እያዩ ነው ለካ የኖሩት! እኛ ስለ ፀጉራቸው እንጨቃጨቃለን።

ከዚያ ወዲህ ቤታችን ውስጥ የተጋደመ አንገት ሁለት ሆነ። ባለቤቴ "በዚህ ቤት ቀጥ ያለ ሰው አጣሁ" እያለች ታማርር ነበር። ልጅቷ ግን ሒሳብ ወደደች፤ እኛም ተመስገን አልን።

የሒሳብ ፈተናው ዕለት ከቀትር በፊት ቢሮዬ ስልክ ተደወለ። የፈተና ኮሚቴው ነው። "ልጅዎ ስትኮርጅ ተይዛለች" አለኝ ድምፁ፣ "ወላጅ ይፈለጋል።" መኮረጅ ከተረጋገጠ ሕጉን ሁሉም ሰው ያውቀዋል። ሒሳቡ ብቻ አይደለም የሚሰረዘው፤ ፈተናው በሙሉ ነው። ለከርሞም መቀመጥ አይፈቀድም። ስሟ ደግሞ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። ባለቤቴ ከከተማ ወጥታ ነበርና ወደ ቤት ደውዬ ለአማቴ ነገርኳቸው። እኔ ስደርስ እሳቸው ኮታቸውን ለብሰው የትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። በምን በርረው እንደደረሱ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ክፍሉ ጠባብ ነው። አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ የተደራረቡ ወንበሮች፣ መስኮቱ ላይ የሞተ አበባ። የኮሚቴዋ ሰብሳቢ መነጽራቸውን በገመድ ያንጠለጠሉ፣ የማይስቁ ሴት ናቸው። በስተቀኛቸው ለእርማት የመጣ ወጣት የሒሳብ መምህር፣ በስተግራቸው ልጄን የያዛት ፈታኝ፣ አንድ ጎልማሳ። ልጄ ከፊታቸው ቆማለች። ፊቷ ወረቀት መስሏል። ስታየኝ "አባ፣ አልኮረጅኩም" አለችኝ።

"ምን አየህ? ለወላጆቿ ንገራቸው" አሉት ሰብሳቢዋ ፈታኙን።

"ምንም አልሸሽግም" አለ ሰውዬው፣ ክፋት የለበትም። "አንገቷን ወደ ቀኝ፣ ወደ ጎረቤቷ ልጅ አዘነበለች። ዝም አልኳት። ቀና ብላ ጻፈች። ደግማ አዘነበለች። አስጠነቀቅኋት። ኧረ ይባስ ብላ ጆሮዋ ትከሻዋን እስኪነካ ተጋደመች! ስንት ዓመት ስፈትን እንዲህ በድፍረት ሲኮረጅ አይቼ አላውቅም።"

የሒሳብ መምህሩ ሁለት ወረቀት ጎን ለጎን አስቀመጠ። የጎረቤቷ ልጅ ጥያቄውን ገጽ ሙሉ ሠርታ የፓይ ግማሽ ሲቀነስ አንድ ብላለች። የእኔዋ አንዲት ሳጥን ሥላ፣ ያችኑ መልስ ጽፋለች። "መንገዱ የት አለ?" አለ መምህሩ። "ይኼ ዝም ብሎ ከሰማይ አይወርድም።"

ወገኖቼ፣ አማቴን ማን ይያዛቸው! "መንገዱማ ይኸው!" ብለው ተነሡ። "ሳጥኗ ናት መንገዱ! አንተ ልጅ፣ እስቲ ዘንበል በልና..."

"አባቴ፣ ይቀመጡ" አሉ ሰብሳቢዋ። "ልጅቷ ናት የምትጠየቀው። አንድ ቃል ከተናገሩ ከክፍሉ ይወጣሉ።" ሰውዬው ተቀመጡ። ዝም ይበሉ ተብለው እሺ ሲሉ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ሰብሳቢዋ ጥቂት አሰቡና ወደ መምህሩ ዞሩ። "ሌላ ስጣት። ፈተናው ላይ ያልነበረ። እዚሁ ፊታችን ትሥራው። ከሠራችው ወረቀቷ ይታረማል፤ ካልሠራችው እሰርዘዋለሁ።"

መምህሩ ጮክ ብሎ አነበበ። "የኢንቨርስ ሳይን ኤክስ ኢንተግራል፣ ከግማሽ እስከ አንድ።" ከዜሮ ሳይሆን ከግማሽ። አማቴን አየኋቸው። ዓይናቸውን ጨፍነዋል፣ አንገታቸው ጋደም ብሏል፣ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ወዲያው ዓይናቸውን ገለጡና ለእኔ ብቻ ራሳቸውን ነቀነቁልኝ። አግኝተዋታል።

ልጄ ግን ቆማ ቀረች። አንገቷን እንደ ዱላ ቀጥ አድርጋ ወረቀቱ ላይ ታፈጣለች። ዘንበል ለማለት ፈርታለች! እስክሪብቶዋን ታነሣለች፣ መልሳ ታስቀምጣለች። እኔ መናገር አልችልም። አማቴ ከንፈራቸውን ነክሰው ጉልበቴን ጨብጠውታል፤ ያማል። ሁሉ ነገር ባንድ አንገት ላይ ቆመ።

የተናገረው ማን መሰላችሁ? ያ የያዛት ፈታኝ! "ልጄ" አላት ቀስ ብሎ፣ "እዚህ ማንም አጠገብሽ የለም። አንገትሽን እንደፈለግሽ አድርጊ።"

ዘንበል አለች። እሷ ዘንበል ስትል ወጣቱ መምህር ሳያውቀው ዘንበል አለ። ፈታኙ ተከተለ። እነዚያ የማይስቁት ሰብሳቢ እንኳ መነጽራቸው በገመዱ ወደ ጎን እስኪንጠለጠል ድረስ ተጋደሙ። ልጄ ሳጥኗን ሣለች። መስመሯን ሰደደች። ሳጥኗ ጥግ ላይ አንዲት ትንሽ ሌላ ሳጥን ጨመረች። ጻፈችና እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። የፓይ አምስት አሥራ ሁለተኛ፣ ሲቀነስ የሦስት ስኩዌር ሩት ግማሽ።

መምህሩ ወረቀት ስቦ በረጅሙ መንገድ፣ በባይ ፓርትስ ይሠራ ጀመር። ጻፈ፣ ሰረዘ፣ ጻፈ። በመጨረሻ ቀና አለ። "ልክ ናት" አለ።

"ልክ አይደለችም!" አሉ አማቴ።

እግዚኦ! ሰውዬውን በዚያች ቅጽበት ባንቃቸው ዳኛ አይፈርድብኝም ነበር።

ሰብሳቢዋ መነጽራቸውን አጠለቁ። "አባቴ፣ ለመሆኑ ከማን ጋር ነው የቆሙት?"

"ከሒሳቡ ጋር" አሉ። እንባቸው መጥቷል። "እወዳታለሁ። ነፍሴ ናት። ግን መልሱ የፓይ ግማሽ ነው፣ የሦስት ስኩዌር ሩት ግማሽ ሲቀነስለት። ልክ ያልሆነውን ልክ ነው ብላችሁ ብትለቋት ነገ ድልድይ ትሠራለች እኮ! ሰው ይሄድበታል!"

ልጄ ዞር ብላ አየቻቸው። ከዚያ ወረቀቷን አንሥታ ወደሳቸው መጣችና አጠገባቸው በርከክ አለች። "አባባ" አለቻቸው፣ ማንንም እንዳታስቀይም እንደምትፈራ ሰው በለሆሳስ፣ "ጥያቄው ከግማሽ ነው የሚጀምረው። ከግማሽ በፊት ያለችውን ትንሿን ሳጥን አልቀነሷትም።"

ተቀበሏት። አንገታቸውን ዘንበል አደረጉ። ብዙ ቆዩ፤ በሕይወቴ እንደዚያ ሲቆዩ አይቻቸው አላውቅም። ከዚያ ቀስ ብለው ቀና አሉና ተነሥተው ቆሙ፣ ኮታቸውን ቆለፉ። "ክብርት ሰብሳቢ፣ ተሳስቻለሁ" አሉ። "ልክ እሷ ናት።"

ሰብሳቢዋ እሳቸውን አዩ፣ ልጅቷን አዩ። "ከርስዎም እንዳልኮረጀች ተረጋገጠ" አሉና ወረቀቷን ለመምህሩ አሳለፉት። "ይታረም።" ፈታኙ ተነሥቶ የልጄን እጅ ጨበጠ።

ወደ ቤት በአውቶቡስ ተመለስን። ልጄና አያቷ ከፊት ጎን ለጎን ተቀመጡ፣ እኔ ከኋላቸው። አውቶቡሱ ሳይነሣ ሰውዬው አጠገባቸው ወደቆመች፣ ዘንቢል ወደያዘች አንዲት ሴት ዞሩ። አያውቋትም፣ አታውቃቸውም። "ይቺ ልጅ ዛሬ አረመችኝ" አሏት።

"እ?" አለች ሴትዮዋ።

"አረመችኝ! ሰው ፊት! ትንሿን ሳጥን ረሳኋት፣ እሷ አልረሳችም።" ልጄ "አባባ፣ በናትዎ" እያለች በሃፍረት አንገቷን ደፋች፤ ማን ሰምቷት። ለትኬት ቆራጩ ነገሩት። ከኋላ ለተቀመጡ ሁለት ወታደሮች ዞረው ነገሯቸው። ስህተታቸውን እንደ ሹመት አንጠልጥለው፣ የት ጋ እንደተሳሳቱ በጣታቸው አየር ላይ እየሣሉ፣ ሲነግሩት እያማረ፣ ሲነግሩት እየጨመረ ሄደ። "ከግማሽ ነው የሚጀምረው፣ ገባሽ? እኔ ሽማግሌው ከዜሮ ጀመርኩ!" ፊታቸው እንደዚያ ሲያበራ አይቼው አላውቅም። ሴትዮዋም ዘንቢሏን መሬት አስቀምጣ፣ ሳጥኗ የት ጋ እንደሆነች ለማየት ጎንበስ አለች።

የምንወርድበት ፌርማታ መጣ፣ አለፈም። አየሁት። ዝም አልኩ፤ ይጨርሱ ብዬ።